ምዕራፍ ሰባት፦ የሽቦው ባለቤትና የመልእክቱ ባለቤት

ሰው ሐሳቡን በሩቅ ላለ ወንድሙ ለማድረስ በራሱ እግርና በራሱ አንደበት መታመኑን ትቶ በሌላ ሰው ሽቦ መጠቀም ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ሽቦውን የዘረጋው ሰው በሽቦው ውስጥ በሚያልፈው ቃል ላይ ምን ያህል ሥልጣን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ሲመላለስ ኖሯል፤ በእኛም ዘመን በአሜሪካ አገር “የኢንተርኔት ገለልተኝነት” በሚል ስም የሚታወቀው፣ ሃያ ዓመት አልፎት ገና እልባት ያላገኘው ክርክር የዚሁ የጥንቱ ጥያቄ የልጅ ልጅ ነው። የኢንተርኔት መሥመር ለቤታችን የሚያቀርብ ኩባንያ የወር ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ፣ ደንበኛው የፈለገውን ድረ ገጽና የፈለገውን ፕሮግራም ያለ ልዩነት የማድረስ ግዴታ አለበት? ወይስ ሀብቱን አፍስሶ የዘረጋው መሥመር የግል ንብረቱ ነውና አንዱን ለማፍጠን፣ ሁለተኛውን ለማዘግየት፣ ሦስተኛውንም ጨርሶ ለመከልከል መብት አለው? ከዚህም ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፤ ግዴታው ይኑር ቢባል አስገዳጁ ማን ነው? የሚያስገድድበትስ ሕግ የትኛው ነው? በአሜሪካ ብዙ ቀለም የፈሰሰውና ብዙ ዳኞች የተጨነቁት ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ በዚህ በኋለኛው ላይ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ጸሐፊም ከሁሉ ይልቅ የሚያዝነው በዚሁ ነው። (በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1860 የአሜሪካ ኮንግሬስ ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ጋር ለሚያገናኘው የቴሌግራፍ መሥመር ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ እንዲሰጥ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ከማናቸውም ሰው ወይም ኩባንያ የሚቀርብ መልእክት እንደ አመጣጡ ተራ፣ ያለ አድልዎ እንዲተላለፍ ደነገገ፤ ተራውን አልፎ እንዲቀድም የተፈቀደለትም የመንግሥት መልእክት ብቻ ነበር። ይህን የደነገጉት ሰዎች ሐሳቡን ከራሳቸው አላመነጩትም፤ በእንግሊዝ የልማድ ሕግ ጀልባ አሻጋሪና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ዋጋውን ለከፈለ ሰው ሁሉ የማገልገል ግዴታ እንዳለባቸው ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነበርና፣ ያንኑ ሥርዓት ለሽቦው አወረሱት። ወንዙን የሚያሻግር አንድ ጀልባ ብቻ ባለበት አገር የጀልባው ባለቤት “አንተን አልወድህም” ለማለት ከቻለ፣ መንገደኛው በሕግ ጨዋ ቢባልም በግብር የጀልባው ባለቤት ሎሌ መሆኑ አይቀርምና።

ሥጋቱ ባዶ ሥጋት እንዳልነበረ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ከስልክ መጀመሪያ ዘመን ተላልፎልናል። በካንሳስ ሲቲ ከተማ የቀብር ሥራ አስፈጻሚ የነበረ አልሞን ስትራውጀር የሚባል ሰው ነበረ። በዚያ ዘመን ስልክ የሚደውል ሰው የሚፈልገውን ሰው ስም ለማዞሪያዋ ሠራተኛ ይነግራታል፤ እርስዋም ገመዱን በእጅዋ ሰክታ ታገናኘዋለች። ሲተረክ እንደኖረው የስትራውጀር ተፎካካሪ የሆነው ቀባሪ ዘመድ በማዞሪያው ትሠራ ስለነበረ፣ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ስትራውጀርን ፈልጎ በደወለ ቁጥር ወደ ዘመድዋ እያዞረች ገበያውን ታሳጣው ነበር። ስትራውጀርም ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ በመካከል የሰው እጅና የሰው ፈቃድ የማይገባበትን ራስ ሠር የስልክ ማዞሪያ ፈለሰፈና በ1891 የባለፈጠራነት መብት ተሰጠው። መልእክት አስተላላፊው ማዳላት የማይችልበትን መሣሪያ መሥራት፣ ማዳላትን ከሚከለክል ሕግ ይልቅ እንዴት ያለ ጽኑ ዋስትና እንደሆነ ይህ ሰው ከሌሎች ቀድሞ ተረድቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ የስልኩ ሥራ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. እጅ በገባ ጊዜ፣ የኩባንያው ሥልጣን እስከ ደንበኛው ጠረጴዛ ደረሰ። “ሀሽ ኤ ፎን” የሚባል፣ በስልኩ እጀታ አፍ ላይ ተሰክቶ የተናጋሪው ድምፅ ለጎረቤት እንዳይሰማ የሚያደርግ እንደ ጽዋ ያለ ዕቃ ነበር፤ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ሽቦም አይነካም፤ ነገር ግን ኩባንያው እኔ ካልሠራሁት በስተቀር ከስልኬ ጋር አይያያዝም ብሎ ከለከለ፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም የኩባንያውን ቃል አጸና። ይህን ውሳኔ በ1956 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሻረው። በ1968 ደግሞ ኮሚሽኑ ራሱ ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው የሠራውን፣ የሬዲዮ መገናኛን ከስልክ የሚያገናኝ መሣሪያ ምክንያት በማድረግ፣ ማናቸውም መሣሪያ መሥመሩን እስካልጎዳ ድረስ ከስልኩ ጋር ሊያያዝ ይችላል ብሎ ወሰነ። ኮምፒውተርን ከስልክ ጋር የሚያናግረው ሞደም ከሱቅ ተገዝቶ በየሰው ቤት ለመግባት የቻለው በዚህ ውሳኔ በተከፈተው በር ነው።

በሞደሙ በኩል የመጣው ኢንተርኔት በተፈጥሮው አስተላላፊውን የማያስመርጥ ሆኖ የተሠራ ነበር። ማናቸውም ነገር፣ ደብዳቤም ቢሆን፣ ሥዕልም ቢሆን፣ ዜማም ቢሆን፣ ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በቁጥር ይጻፋል፤ በመንገድ ላይ ያሉት ራውተር የሚባሉት መሣሪያዎች አድራሻውን ብቻ አይተው ወደሚቀጥለው ያሳልፉታል፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር እሽጎቹን ሰብስቦ፣ የጎደለ ቢኖር አስልኮ፣ እንደነበሩ ያደርጋቸዋል። ጄሮም ሳልዘር፣ ዴቪድ ሪድና ዴቪድ ክላርክ የተባሉት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት ይህን አሠራር በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ መርሕ አድርገው አጸኑት፤ ጥበቡ በሁለቱ ዳር ባሉት ኮምፒውተሮች ይኑር፤ መካከሉ በቀላሉ ያስተላልፍ የሚል ነው። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ሆኖ ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚገለገልበትን ድር ሲፈጥር፣ አንድም የሽቦ ባለቤት ደጅ ጠንቶ ፈቃድ አለመለመኑ የዚህ መርሕ ታላቅ ፍሬ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው ተራውን የስልክ መሥመር እየደወለበት ስለነበረ፣ የስልክ ኩባንያውም ጥሪን ሁሉ የማስተላለፍ ግዴታ ስለነበረበት፣ በየከተማው እጅግ ብዙ ትናንሽ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ተነሡ፤ አንዱ ቢበድል ደንበኛው ሌላ ቁጥር ይደውላል። ብሮድባንድ የሚባለው ፈጣኑ መሥመር በመጣ ጊዜ ግን ይህ ብዝኀነት ጠፋ፤ ሰው የሚመርጠው ቴሌቪዥን ከሚያስገባለት የኬብል ኩባንያና ከስልክ ኩባንያው አንዱን ሆነ፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ምርጫው አንድ ብቻ ነበር። እነዚህም ኩባንያዎች የቴሌቪዥንና የስልክ ነጋዴዎች ናቸው፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ርካሽ ስልክና በኢንተርኔት የሚታየው ፊልም ደግሞ የገዛ ሸቀጣቸውን ገበያ የሚያጠፋ ነው። ተፎካካሪውን በራሱ መሥመር ላይ አሳፍሮ ያለ አድልዎ እንዲያደርስ የታዘዘ ነጋዴ፣ ሕግ ካልያዘው በስተቀር ፈተናውን ይቋቋማል ብሎ ማመን የሰውን ጠባይ አለማወቅ ነው።

ሕጉ ግን በዚያው ሰዓት ተንገዳገደ። በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ በሁለተኛው ክፍሉ የስልክ ኩባንያን “የጋራ አጓጓዥ” በሚል ስም እንደ ጀልባ አሻጋሪው አድርጎ ያስገድዳል፤ በ1996 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ “የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት” የሚባለውን ከዚህ ግዴታ በታች አድርጎ፣ “የመረጃ አገልግሎት” የሚባለውን ግን ከግዴታው ነጻ አወጣው። ብሮድባንድ ከሁለቱ በየትኛው ይመደብ? በማይክል ፓወል ሊቀ መንበርነት የሚመራው ኮሚሽን በ2002 የኬብል ኢንተርኔትን ከመረጃ አገልግሎት መደበው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 ሕጉ ለትርጉም የተጋለጠ ስለሆነ ትርጉሙን ኮሚሽኑ ይምረጥ ብሎ በስድስት ድምፅ ለሦስት አጸደቀው። ከሦስቱ ተቃዋሚዎች አንዱ፣ በወግ አጥባቂነቱ የታወቀው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ነበር፤ ፒዛ ጋግሮ ቤት ድረስ የሚያደርስ ሰው “እኔ ፒዛ እሸጣለሁ እንጂ ማድረስን አልሸጥም” ቢል ማን ያምነዋል ሲል ተከራከረ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ነገሩን በትክክል ያየው ስካሊያ ነው፤ ብሮድባንድ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ማድረሱን ነውና። ሐሳቡ በፍርድ ቤቱ ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ የተከተለው የሃያ ዓመት መንገዳገድ ባልመጣም ነበር።

ስለ ገለልተኝነት የሚነሣው ክርክር ስሙን ያገኘው በ2003 የሕግ መምህሩ ቲም ዉ ከጻፈው ጥናት ሲሆን፣ በተግባር የታየው የመጀመሪያው ጥፋትም ብዙ ሳይቆይ መጣ። በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ ማዲሰን ሪቨር የተባለ የስልክ ኩባንያ ደንበኞቹ በኢንተርኔት እንዳይደውሉ መንገዱን ዘጋ፤ በ2005 ኮሚሽኑ ሲይዘው 15,000 ዶላር ከፍሎና መዝጋቱን ትቶ ነገሩ በስምምነት አለቀ። የነገሩን ባሕርይ ከሥሩ ገልጦ ያሳየው ግን በ2007 የታወቀው የኮምካስት ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

ኮምካስት በአሜሪካ ትልቁ የኬብል ኩባንያ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢትቶረንት የሚባል፣ ሰዎች ትልልቅ ፋይሎችን በቀጥታ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚለዋወጡበት ፕሮግራም በብዙ ሰው እጅ ገብቶ ነበር። አንድ የኦሬገን የኮምፒውተር ባለሙያ ጥንታዊ የአራት ድምፅ መዝሙሮችን ለሌሎች ለማካፈል ሲሞክር እንቢ ስላለው ምክንያቱን መመርመር ጀመረ፤ ከዚያም አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት የራሱን ሙከራ አደረገ። ለሙከራው የመረጠው ጽሑፍ በንጉሥ ጄምስ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ የቅጂ መብት ጥያቄ የማይነሣበት፣ ማንም ሰው ለማንም ሰው ሊልከው የሚችለው መጽሐፍ ነውና። ሦስት ጊዜ ቢሞክሩ ሁለት ጊዜ ጨርሶ ተከለከለ፤ በሦስተኛው ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ መዘግየት በኋላ ማለፍ ጀመረ።

የሚያስደነግጠው ግን አከለካከሉ ነው። በኢንተርኔት ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ አንደኛው ንግግሩን ለማቋረጥ ሲፈልግ “አበቃሁ፤ ዝጋው” የሚል ትርጉም ያለው አጭር እሽግ ለሌላው ይልካል። የኮምካስት መሣሪያ በመካከል ሆኖ የቢትቶረንትን ንግግር በለየ ጊዜ፣ ይህንኑ የመዝጊያ እሽግ ራሱ ሠርቶ፣ በላዩ ላይ የሌላውን ወገን አድራሻ ጽፎ፣ ለሁለቱም ይልክላቸው ነበር። ሁለት ወዳጆች ደብዳቤ ሲጻጻፉ፣ በመካከል ያለው መልእክተኛ በአንደኛው ስም “ከእንግዲህ አትጻፍልኝ” የሚል ደብዳቤ ጽፎ ለሌላው፣ ለዚያኛውም እንዲሁ አድርጎ ቢያደርስ፣ ወዳጆቹ መልእክተኛውን ሳይጠረጥሩ እርስ በርሳቸው ይቀያየማሉ፤ በኮምካስት መሥመር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ማድረጉን ካደ፤ በኋላም በሠፈር ያሉ ቤቶች አንድ የኬብል መሥመር ስለሚጋሩ፣ ወደ ላይ የሚሄደውም መንገድ ጠባብ ስለሆነ፣ ጥቂት ሰዎች ሞልተውት ሌላው እንዳይቸገር ያደረግሁት ነው ሲል ምክንያት አቀረበ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ የኬብሉ ጥበት እውነት ነው። ነገር ግን መንገድ ሲጣበብ ሁሉን በእኩል ማዘግየት አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ዐይነት ንግግር ለይቶ፣ በሌላ ሰው ስም ሐሰት ጽፎ ማቋረጥ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን የመሰለ ድርጊት ያየ ሰው ገለልተኝነት የጥቂት ባለሙያዎች ቅንጦት ነው ለማለት ከእንግዲህ አይችልም።

በሪፐብሊካኑ ኬቪን ማርቲን የሚመራው ኮሚሽን በ2008 በኮምካስት ላይ ፈረደ፤ በ2010 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ኮሚሽኑ ይህን ለመፍረድ የሚያበቃ የሕግ ሥልጣን አላሳየም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሌላ የሕግ አንቀጽ ላይ ተመሥርቶ ደንብ አወጣ፤ በጃንዋሪ 2014 ያው ፍርድ ቤት፣ “ብሮድባንድ የጋራ አጓጓዥ አይደለም ብላችሁ ስታበቁ የጋራ አጓጓዥ ግዴታ ልትጭኑበት አትችሉም” በሚል መንፈስ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች ጣለ። ከዚያም ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ የሕዝብ አስተያየት ለኮሚሽኑ ጎረፈ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም በኖቬምበር ገለልተኝነትን የሚደግፍ ሐሳባቸውን በይፋ ገለጡ፤ በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 በቶም ዊለር የሚመራው ኮሚሽን በሦስት ድምፅ ለሁለት ብሮድባንድን ወደ ሁለተኛው ክፍል አዛውሮ፣ መዝጋትን፣ ማዘግየትንና በገንዘብ ቅድሚያ መሸጥን ከለከለ፤ በ2016 ፍርድ ቤቱ አጸናው። በዲሴምበር 14 ቀን 2017 ደግሞ በአጂት ፓይ የሚመራው ኮሚሽን ያንኑ ደንብ በዚያው በሦስት ለሁለት ሻረው። አንባቢው እነዚህን ሦስት ለሁለቶች ልብ ይበል። ኮሚሽኑ አምስት አባላት አሉት፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ አይሾሙም፤ የሦስቱን ወገን የሚወስነውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው መልእክት ያለ አድልዎ የማለፍ መብቱ በየአራት ዓመቱ በሚደረገው ምርጫ እየተነቃቀለ የሚተከል ሆነ።

ተቃዋሚዎቹን ግን በደንብ መስማት ያስፈልጋል፤ ከእነርሱ መካከል ቅን አሳቢዎች አሉና። እሽግ ሁሉ እኩል አይደለም ይላሉ፤ የሐኪም የቪዲዮ ምክክርና የስልክ ድምፅ የአንድ ሰከንድ ክፋይ መዘግየት ያበላሻቸዋል፤ ኢሜይል ግን ቢዘገይ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ ፍጹም እኩልነት ራሱ አድልዎ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ለድምፅ ሁሉ ቅድሚያ መስጠትና ለኩባንያው የገዛ ድምፅ ብቻ ቅድሚያ መስጠት አንድ አይደለም፤ የ2015 ደንብም ምክንያታዊ የመሥመር አስተዳደርን አልከለከለም። ደግሞም በ1934 ሕግ የታሰረ ኩባንያ አዲስ መሥመር ለመዘርጋት ገንዘቡን አያወጣም ይላሉ፤ በዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ሠንጠረዣቸውን ዘርግተው ተከራክረዋል፤ አንዱ ሌላውን አላሳመነም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነገራቸው ነው፦ ደንቡ ከተሻረ በኋላ ይመጣል የተባለው ጥፋት በተፈራው መጠን አልመጣም። የገለልተኝነት ወዳጆች በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት በአንድ ሌሊት ትፈርሳለች እያሉ መጮኻቸው ጉዳያቸውን ጎድቶታል፤ ክፉ ሥልጣን የሚሠራው በችኮላ ሳይሆን ሰው ሲዘነጋ ነውና፣ ትንቢቱን ለዕለቱ ማድረጋቸው ስሕተት ነበር። ከዚህም ሌላ ታላላቆቹ ድርጅቶች፣ ጉግልና ኔትፍሊክስ፣ የየራሳቸውን ማከማቻ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት አቅራቢዎቹ መረብ ውስጥ አስገብተው ከትናንሾቹ ይልቅ ወደ ተመልካቹ ቀርበዋል፤ ደንቡ ይህን ዐይነቱን የሀብት ብልጫ አይነካም።

በ2017 ሽረት ጊዜ የተደረገው ነገር ግን ደንቡን ለደገፈም ለተቃወመም ሁሉ ኀፍረት ነው። ኮሚሽኑ የሕዝብን አስተያየት በጠየቀ ጊዜ 22 ሚሊዮን ያህል ጽሑፍ ደረሰው፤ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መርምረው በ2021 ባወጡት ዘገባ ከዚህ ውስጥ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ከ8.5 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በብሮድባንድ ኩባንያዎች ገንዘብ በተካሄደ ዘመቻ የሰዎችን ስም ያለ ፈቃዳቸው በመጠቀም የተጻፈ ነበር፤ በሌላው ወገን ደግሞ አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ብቻውን በኮምፒውተር ፕሮግራም የፈጠራ ስም እያወጣ 7.7 ሚሊዮን ደብዳቤ ገለልተኝነትን ደግፎ ልኳል። በሐሰት ስም የቀረበ ምስክርነት የተከማቸበት መዝገብ በዳኝነት ዐደባባይ ቢቀርብ ኖሮ ዳኛው መዝገቡን ዘግቶ ምስክሮቹን ይከስስ ነበር፤ ኮሚሽኑ ግን ድምፁን ሰጥቶ ተነሣ።

ከሽረቱ በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ሜንዶሲኖ ኮምፕሌክስ የተባለው የሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ የሳንታ ክላራ አውራጃ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የማስተባበሪያ ተሽከርካሪያቸው ኢንተርኔት በድንገት ተንቀረፈፈባቸው፤ የወሩን ልክ አልፋችኋል ተብሎ ቨራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ ፍጥነቱን ከቀድሞው ወደ ሁለት መቶኛው ያህል ዝቅ አድርጎት ነበር። ይመለስልን ሲሉ ወደሚበልጥ ክፍያ እንዲሸጋገሩ ተነገራቸው። ኩባንያው ኋላ ጥፋቱን አምኖ፣ በአደጋ ጊዜ ገደቡን ማንሣት ደንባችን ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከገለልተኝነት ጋር አይገናኝም አለ። በጠባቡ ካየነው እውነቱን ነው፤ ገደቡ ለሁሉ ዐይነት መልእክት እኩል ነበርና የ2015 ደንብ በቀጥታ አይከለክለውም። ነገር ግን ብሮድባንድ ከሁለተኛው ክፍል በወጣ ጊዜ፣ በእሳቱ ፊት የቆመው ሰው አቤት የሚልበት ዳኛም አብሮ ወጥቶ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር 2019 ሽረቱን በአብዛኛው ቢያጸናውም፣ የሕዝብን ደኅንነት አልመረመርክም ብሎ ነገሩን ወደ ኮሚሽኑ መልሶለታል።

መንግሥት እጁን ወደ ኢንተርኔት ካስገባ ነገ የሚነገረውን ይመርጣል የሚለው ፍርሃት በአሜሪካ ብዙ ይሰማል፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ፍርሃት እንደ ዋዛ ልናየው አይገባንም። በጁን 30 ቀን 2020 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል በቆየ ጊዜ፣ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም በሪያድም ያለ የአገር ልጅ የለመደው የዋትሳፕና የቫይበር ድምፅ ጠፍቶበት ወገኑ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀኑን ይቆጥር ነበር። ይህ ግን ለገለልተኝነት ማስረጃ ነው እንጂ በገለልተኝነት ላይ ማስረጃ አይደለም። አስተላላፊውን “አትምረጥ” ብሎ የማዘዝ ሥልጣንና “እኔ የመረጥሁትን ብቻ አሳልፍ” ብሎ የማዘዝ ሥልጣን በአንድ ስም ቁጥጥር ቢባሉም ፍሬያቸው ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያው የሽቦውን ባለቤት እጅ ያስራል፤ ሁለተኛው ያንኑ እጅ ለመንግሥት ያውሰዋል። ለአድልዎ የለመደ፣ አንዱን ለይቶ የሚዘጋ መሣሪያ አስቀድሞ በመሥመሩ ላይ የተከለ ኩባንያ፣ የመንግሥት ትእዛዝ በመጣ ቀን ከሌላው ይልቅ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።

በአገራችን ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል በስልክ መሸጡም የዚሁ ክርክር አንድ ክፍል መሆኑን ብዙ ገዢ አያስተውለውም። ቴሌግራምን ወይም ፌስቡክን ብቻ የሚከፍት ጥቅል የገዛ ተማሪ፣ በዚያው ስልክ መዝገበ ቃላት ወይም የአንድ ወጣት አዲስ ድረ ገጽ ሊከፍት ቢሻ ሌላ ሂሳብ ይጠየቃል፤ ሳያውቀውም ኢንተርኔት ማለት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ይመስሉታል። ሕንድ ይህን ጥያቄ በ2016 ፊት ለፊት ገጠመችው፤ ፌስቡክ ጥቂት ድረ ገጾችን ብቻ ያለ ክፍያ ለድኾች አቀርባለሁ ባለ ጊዜ፣ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በፌብሩዋሪ 8 ቀን በይዘት ልዩነት የዋጋ ልዩነት ማድረግን ከለከለ። ነጻ ስጦታን መከልከል በድኻ ላይ መጨከን ነው ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም፤ ባዶ እጁን ላለ ሰው ጥቂትም ብዙ ነውና። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪው ያሰበው ስለ ዛሬው ድኻ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ድኻ ነገ ሊፈጥረው ስለሚችለው ነገር ነበር፤ በዚህም ጸሐፊው ከሕንዶቹ ጋር ይስማማል።

አሜሪካ ግን እንደገና ወደ ጀመረችበት ተመለሰች። በኤፕሪል 25 ቀን 2024 በጄሲካ ሮዘንዎርሰል የሚመራው ኮሚሽን፣ አሁንም በሦስት ለሁለት፣ ደንቡን መለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ፣ ከ1984 ጀምሮ የጸናውንና አሻሚ ሕግ ሲያጋጥም የአስፈጻሚውን መሥሪያ ቤት ትርጉም ተቀበሉ የሚለውን ሥርዓት ሻረ። በጃንዋሪ 2 ቀን 2025 የሲንሲናቲው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ይዞ፣ ሕጉን የምንተረጉም እኛ ነን፤ በእኛም ትርጉም ብሮድባንድ የመረጃ አገልግሎት ነው ብሎ ደንቡን ጣለ። በዚህ ፍርድ በአንድ በኩል የሚያስደስት ነገር አለ፤ ከእንግዲህ ኮሚሽኑ ምርጫ በተደረገ ቁጥር ትርጉም መለወጡ ይቀራልና፤ በሌላ በኩል ግን ነገሩ በመጨረሻ ሊወስነው ይገባው ወደነበረው ወደ ኮንግሬስ ደጅ ደርሶ፣ ኮንግሬስ ከዚህ ቀደም ያደረገው ሙከራ በአንዱ ምክር ቤት እያለፈ በሌላው ሲቀር ታይቷል። በ2018 ሴኔቱ ሽረቱን ለመሻር 52 ለ47 ሲወስን የተወካዮች ምክር ቤት አልተከተለውም፤ በ2019 የተወካዮች ምክር ቤት 232 ለ190 ሲያሳልፍ ሴኔቱ አልተቀበለውም።

በዚህ መካከል ሥራውን የያዙት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። ካሊፎርኒያ በ2018 ከተሻረው የፌዴራል ደንብ ይበልጥ ጥብቅ የሆነ ሕግ አወጣች፤ የፌዴራሉ መንግሥትና ኩባንያዎቹ ከሰሷት፤ መንግሥት ሲለወጥ የፌዴራሉ ክስ ቀረ፤ የኩባንያዎቹንም ክርክር በጃንዋሪ 2022 የሳን ፍራንሲስኮው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሳይቀበለው ስለ ቀረ፣ በዚያው ዓመት ክሳቸውን አነሡ። ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. ገንዘብ የከፈሉትን ድርጅቶች ይዘት ከደንበኛው የዳታ ሂሳብ ሳይቆጥር ያሳልፍበት የነበረውን አሠራር በማርች 2021 በካሊፎርኒያ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ኢንተርኔት የክፍለ ግዛት ወሰን አያውቅም የሚል ነበር። ዛሬ በሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው መልእክቱ ያለ አድልዎ እንዲያልፍ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ ይህን የመሰለ ሕግ ባላወጣ ክፍለ ግዛት የሚኖረው ዜጋ የሚተማመነው በኩባንያው ቃልና፣ የካሊፎርኒያ ሕግ ወሰኑን ተሻግሮ በሚያሳድረው ተጽዕኖ ብቻ ነው።